ልኩ አንድ፣ ጨርቁ የየቤታችን

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

ዛሬም እንደ ልማዳችን በእጅ የሚሠራ ነገር ይዘን መጥተናል። መርፌና ክር አጠገባችሁ ካለ አቅርቡ። ከሌለም ግዴለም፣ አሁን ጆሯችሁ ይበቃናል።

የዛሬው ጉዳያችን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ መስፋት ነው። ብቻችንን ግን አይደለም። በስልካችን፣ በኢንተርኔት፣ አንዳንዱን ጨርሶ ከማናውቀው ሰው ጋር፣ በየሳምንቱ አንድ አንድ ካሬ እየሰፋን የምንጨርሰው ብርድ ልብስ ነው።

(የስፌት መኪና ድምፅ፣ ጥቂት ሰከንድ)

ይህን ድምፅ የዊንጌት ሰፈር ሰው በደንብ ያውቀዋል። ከጳውሎስ ሆስፒታል ወደ ዊንጌት ስትመጡ፣ በየሱቁ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ ሱሪ የሚያሳጥር፣ ዚፕ የሚቀይር፣ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ልብስ ሰፊ አታጡም። እስቲ ዓይናችሁን ከመኪናው ወደ እግሩ ሥር ዝቅ አድርጉ። ጆንያ አለ፣ አይደል? ምን ይዟል? ከሱሪ ጫፍ የተቆረጠ ካኪ፣ ከዩኒፎርም የተረፈ ሰማያዊ ቴትሮን፣ የሸሚዝ ፖፕሊን፣ የጂንስ እግር።

ከዚያው ከጉለሌ ክፍለ ከተማ ሳንወጣ ወደ ሽሮ ሜዳ ብንሻገር ደግሞ ጆንያው ሌላ መልክ አለው። እዚያ ብዙዎቹ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ የመጡ ወይም የእነዚያ ልጆች ናቸው። የሀበሻ ቀሚስ በልክ ሲቆረጥ የጥለት ጫፍ ይተርፋል። ጣት የምታህል ጥበብ፣ መዳፍ የምታህል ፈትል። ይህን ሁሉ ሸማኔው ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሠራው ነው። ታዲያ ጆንያው መጨረሻው የት ነው? ጥቂቱ ትራስ ይሞላበታል፣ የቀረው ከቆሻሻ ጋር ይሄዳል። እኔን ይህ ነገር ያሳዝነኛል። ለዛሬ ዝግጅት ያነሣሣኝም እሱ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ይህ ብርድ ልብስ ምንድን ነው?

በካሬ የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ ካሬ የየራሱ ንድፍ አለው። አንዱ ዘጠኝ ትናንሽ ካሬዎች የተገጣጠሙበት ነው። ሌላው ሦስት ማዕዘን ከሦስት ማዕዘን የተጋጠመበት ነው። ሦስተኛው መሀል ላይ አንዲት ትንሽ ካሬ ይዞ በዙሪያዋ ቀጫጭን ጨርቅ የተደረደረበት ነው። ንድፉ ካሬ በካሬ ስለሚለያይ ሰው አንድ ብርድ ልብስ ሰፍቶ ሲጨርስ ብዙ ዓይነት አሠራር ተምሮ ይወጣል። ለጀማሪ የምመርጠው ለዚህ ነው።

አብሮ መስፋቱስ እንዴት ነው? አንድ ሰው ወይም አንድ ቡድን በሳምንት አንድ ንድፍ ያወጣል። ሁሉም በየቤቱ፣ ባለው ጨርቅ፣ ያንኑ ይሰፋል። ፎቶ ያነሣል፣ ለሌሎቹ ያሳያል። የተበላሸበት ይጠይቃል፣ የገባው ያስረዳል። የገጠሩን ደቦ አስቡት። እርሻው የአንድ ሰው ነው፣ ጉልበቱ ግን የመንደሩ። እዚህም ብርድ ልብሱ የእናንተ ነው፣ ከመንገድ እንዳትቀሩ የሚይዛችሁ ግን ቡድኑ ነው። አሥራ ሁለት ካሬ ብቻውን ጀምሮ አራተኛው ላይ የሚተው ሰው ብዙ ነው። ቅዳሜ ማታ ሌሎቹ ካሬያቸውን እንደሚያሳዩ ያወቀ ግን አርብ ማታ መርፌውን ያነሣል።

አንድ ጥያቄ ላንሣ። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ?

(ለአፍታ ዝም)

አይደለም። እናቶቻችንና አያቶቻችን ድሪቶ ያውቃሉ። አሮጌ ጨርቅ በአሮጌ ጨርቅ ላይ እየደረቡ፣ እየጣፉ፣ በመርፌ ወጣ ገባ እያደረጉ የሚሠሩት ምንጣፍና መደረቢያ ነው። የደጋው ብርድ የስንቱን ሕፃን ጀርባ ሳይነካ ያለፈው በድሪቶ ነው። ዛሬ ድሪቶን የምናነሣው ብዙ ጊዜ ለድህነት ማሳያ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ሦስት ያለቁ ጨርቆችን አንድ ላይ አጥብቆ አንድ የሚሞቅ ነገር ማውጣት እውቀት ነው። የሰፉት ሴቶችም ባለሙያዎች ነበሩ።

ነገሩን ከባሕር ማዶም እንየው። በደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ በካርናታካ ግዛት፣ ሲዲ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። አያቶቻቸው በተለያየ ዘመን ከምሥራቅ አፍሪካ የሄዱ ናቸው፤ አብዛኞቹ ተሽጠው። ከኢትዮጵያ ተሽጦ ሕንድ የገባው፣ በኋላ በአህመድነጋር መንግሥት ገናና የጦር መሪና እንደራሴ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1626 የሞተው ማሊክ አምባርም በዚያ አገር ታሪክ ውስጥ የሚጠራ ነው። የካርናታካ ሲዲ ሴቶች ካዋንዲ የሚሉት ብርድ ልብስ አላቸው። አሮጌ ሳሪ ዘርግተው፣ ቁርጥራጩን ጠርዙን እያጠፉ፣ ከዳር ጀምረው ዙሪያውን እየሰፉ ወደ መሀል ይገባሉ። መኪና የለም፣ ሁሉም በእጅ ነው። በአራቱ ማዕዘን ላይ ደግሞ የተጣጠፉ ትናንሽ ሦስት ማዕዘን ጨርቆች ይሰፋሉ። አበባ ይሏቸዋል። አበባ የሌለው ካዋንዲ ለእነሱ ያላለቀ ነው።

አሜሪካም እንሂድ። በአላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። በባርነት የነበሩ ጥቁር ገበሬዎች ልጆችና የልጅ ልጆች የሚኖሩባት ናት። እዚያ ያሉ ሴቶች በእርሻ ያለቀ ጂንስና የሥራ ሸሚዝ እየቀደዱ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር፤ ልጆቻቸው እንዳይበርዳቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 እነዚያው ብርድ ልብሶች በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ከዚያ ወደ ኒው ዮርክ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ ፖስታ በቴምብር አወጣቸው። ሴቶቹ ጉልበቱ ላይ የነጣውን፣ ኪሱ የተነቀለበትን ቦታ አልደበቁትም። የጨርቁ ታሪክ እንዳለ ብርድ ልብሱ ላይ ይታያል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል። እርሳስና ወረቀት ያላችሁ ያዙ።

ከአሥር ቤት የመጣ ጨርቅ፣ ከአሥር ሰው የመጣ ስፌት፣ እንዴት አንድ ላይ ይገጥማል? በአንድ ልክ። ቀለሙ ይለያይ። ጨርቁ ይለያይ። ልኩ ግን አንድ ይሁን። እደግመዋለሁ፦ ቀለሙ ይለያይ፣ ልኩ አንድ ይሁን።

እኛ የምንይዘው ልክ ይህ ነው። አንዱ ካሬ ተሰፍቶ ሲያልቅ 32 ሴንቲሜትር በ32 ሴንቲሜትር ይሁን። ከየጎኑ አንድ አንድ ሴንቲሜትር ከጎረቤቱ ጋር ሲሰፋ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ብርድ ልብሱ ላይ የሚታየው 30 በ30 ነው። አሥራ ሁለት ካሬ፣ ሦስት በአግድም አራት በቁመት ብትደረድሩ 90 በ120 ይሆናል። ለሕፃን ልጅ ይበቃል።

የመጀመሪያው ካሬ ዘጠኙ ነው። ዘጠኝ ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 12 በ12 ሴንቲሜትር። አምስቱን ከጠቆር ያለ ጨርቅ፣ አራቱን ከፈካ ያለ ቁረጡ። እንዴት ልኩን ትጠብቃላችሁ? ከካርቶን 12 በ12 ቆርጣችሁ እሱን እያስቀመጣችሁ በደረቀ የሳሙና ስባሪ ዙሪያውን አስምሩ። ልብስ ሰፊ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ሳሙናው ሲታጠብ ይለቃል። ካርቶኑን በጨርቁ የክር መስመር ልክ አስቀምጡት፤ በሰያፍ ከተቆረጠ ጨርቁ ሲሰፋ ይሳባል።

ከዚያ ጠቆሩንና ፈካውን እያፈራረቃችሁ፣ ሦስት ሦስት አድርጋችሁ በአንድ ሴንቲሜትር ስፌት አጋጥሙ። ሦስት ረድፍ ይወጣል። ረድፎቹን እርስ በርስ ስፉ። አበቃ።

ቀላል ነው፣ አይደል? አዎ፣ ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስፌታችሁ ከአንድ ሴንቲሜትሩ በሁለት ሚሊሜትር ብቻ አልፎ ወደ ውስጥ ገባ እንበል። ሁለት ሚሊሜትር ምን አላት ትሉ ይሆናል። አንዱ ስፌት ሁለት ጨርቅ ይይዛል፤ ስለዚህ አራት ሚሊሜትር በላ። በአንድ ረድፍ ሁለት ስፌት አለ፤ ስምንት ሚሊሜትር ሆነ። ካሬያችሁ 32 መሆኑ ቀርቶ 31 ከምናምን ሆነ ማለት ነው። ከጎረቤቱ ጋር ስታጋጥሙት አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ይሸበሸባል። ብርድ ልብስ የሚጣመመው በዚህች ሁለት ሚሊሜትር ነው።

መድኃኒቱስ? በመኪና የምትሰፉ ከመርፌው በስተቀኝ በትክክል አንድ ሴንቲሜትር ለክታችሁ፣ መኪናው ላይ የቁስል ፕላስተር ለጥፉ። የጨርቁ ጠርዝ ፕላስተሩን እየተከተለ ይሂድ። በእጅ የምትሰፉ በጨርቁ ጀርባ ከጠርዙ አንድ ሴንቲሜትር ገባ ብላችሁ በሳሙና አስምሩና መስመሩ ላይ ስፉ። በእጅ መስፋት አያሳፍርም። ካዋንዲ ሙሉው በእጅ ነው፣ ብለናል።

እያንዳንዱን ስፌት ደግሞ በካውያ ተጫኑት። የስፌቱን ትርፍ ጠቆር ወዳለው ጨርቅ አጋድሙ፤ ወደ ፈካው ካጋደማችሁት ጥላው ይታያል። ዘጠኙ ካሬ ላይ ጠቆርና ፈካ ስለሚፈራረቁ፣ የመጀመሪያውና የሦስተኛው ረድፍ ትርፍ ወደ ዳር፣ የመሀሉ ረድፍ ወደ መሀል ይተኛል። ረድፎቹን ስታገናኙ ትርፎቹ ጎን ለጎን ይገባሉ፣ ማዕዘኑም ይገጥማል። መብራት ከጠፋ የከሰል ካውያ ይሠራል። እሱም ከሌለ በጥፍራችሁ አጥብቃችሁ ስፌቱን ጫኑት።

(የስፌት መኪና ድምፅ፣ ከዚያ ጸጥታ)

ጨርቁን እንዴት እንምረጥ? ልብስ ሰፊው ጋ ሂዱና «ወንድሜ፣ ከጆንያው ቁርጥራጭ ትሰጠኛለህ?» በሉት። «ውሰጂ እናቴ፣ እኔም ቦታ ያዘብኝ» የሚል አይጠፋም። ቢሆንም የሚፈልገውን ጠይቁት፤ አንዳንዱ ለትራስ ሠሪ ይሸጠዋል።

ጥጥ ከሆነ ይመረጣል። ጥጥ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ከጠርዙ ሁለት ሦስት ክር መዝዛችሁ፣ ውኃ ያለበት ሳህን ላይ፣ በክብሪት አንዱን ጫፍ ለኩሱት። ወረቀት ሲቃጠል የሚሸት ከሸተተና አመዱ በጣት ሲነካ ብን ካለ ጥጥ ነው። ከቀለጠና ጠንካራ ጥቁር እንክብል ከሆነ ሰው ሠራሽ ነው። ልጆች በሌሉበት አድርጉት።

ሰው ሠራሹን ጣሉት አላልኩም። ካውያውን ግን ቀዝቀዝ አድርጉ። የሚያብረቀርቅ ክር የገባበት ጥለት ከሆነ ደግሞ በላዩ አቡጀዲ ደርባችሁ ተኩሱት። የሽሮ ሜዳው ፈትል ሌላ ጠባይ አለው፤ ስስ ስለሆነ ጠርዙ ቶሎ ይተረተራል። ከመቁረጣችሁ በፊት ከጀርባው አቡጀዲ ደርባችሁ በረዥም ስፌት ያዙት። ከዚያ ሁለቱን እንደ አንድ ጨርቅ ቁረጡ።

ሁሉንም ጨርቅ ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡ። በተለይ ቀዩን። ቀይ ጨርቅ እርጥብ እንዳለ በነጭ ጨርቅ ጨምቃችሁ እዩት። ነጩ ከቀላ እንደገና እጠቡ። እየለቀቀ ከቀጠለ ከነጭ ፈትል አጠገብ አታስገቡት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ስልኩን እናንሣ። አብሮ መስፋቱን በቴሌግራም ልታደርጉት ትችላላችሁ። ከጎረቤት፣ ከዘመድ፣ ውጭ አገር ካለች እህት ጋር። ስድስት ሰው ይበቃል። አንዷ ንድፉን ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይሰፋሉ። በውጭ ሰዎች የሚመሩ ቡድኖችም አሉ፤ ብዙዎቹ በነፃ ናቸው። ቋንቋው ባይገባችሁም ፎቶው ይገባችኋል። ከመግባታችሁ በፊት ግን ጥቂት ነገር ስሙኝ።

አንደኛ ነገር፣ ብዙዎቹ በኢንች ነው የሚለኩት። የተለመደው ካሬያቸው ሲሰፋ 12 ኢንች ተኩል፣ ብርድ ልብሱ ላይ 12 ኢንች ነው። ለስፌት የሚተዉትም ሩብ ኢንች፣ ስድስት ሚሊሜትር ግድም ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር በአንድ ወገኑ ሴንቲሜትር፣ በሌላው ኢንች አለው። ከእነሱ ጋር ከሰፋችሁ በኢንቹ ወገን ስፉ፣ ከእኛ ጋር ከሆነ በሴንቲሜትሩ። አንዱን ካሬ በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው አትስፉ። ምን ብለን ነበር? ልኩ አንድ ይሁን።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። በአሜሪካ ምሥራቁ ክፍል ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚህ ከሌሊቱ ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት ነው። ለቀጥታ ስርጭት ብላችሁ ከእንቅልፍ አትነሡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቪዲዮው ተቀምጦ ይቆያል። የዳታ ነገርም አለ። በቴሌግራም ማስተካከያ ገብታችሁ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አድርጉ፤ የምትፈልጉትን ብቻ አውርዱ። አስቀድማችሁ ገንዘብ ላኩ የሚል ካለ የምታምኑትን ሰው ሳታማክሩ አትላኩ። የሚሸጥ ንድፍ ከገዛችሁም ለሌላ አትበትኑት፤ የሠራው ሰው እንጀራው ነው።

የመጨረሻውና ለእኔ ትልቁ ምክር፦ አንድ ሳምንት ቢያመልጣችሁስ? ልጅ ታመመ፣ ለቅሶ ተደረሰ፣ መብራት ሦስት ቀን ጠፋ። ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ነው። ያመለጠኝን ሳልጨርስ እንዴት ብሎ ያፍራል፣ ሳምንቱ ሁለት ሦስት ይሆናል፣ ከዚያ ከቡድኑ ዝም ብሎ ይወጣል። እንደዚያ አታድርጉ። የዚህን ሳምንት ካሬ ስፉ። ያመለጠው መጨረሻ ላይ ይሞላል፤ ብርድ ልብሱ የትኛው ካሬ መቼ እንደተሰፋ አያውቅም። የቡድኑ መሪ ከሆናችሁ ደግሞ በየአራት ሳምንቱ አንድ ሳምንት አዲስ ንድፍ አታውጡ። የዘገየው ይድረስ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሥራ ሁለቱ ካሬ ሲያልቅ አልጋ ላይ ደርድሩና በስልካችሁ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሡ። ቀለሙ ሲጠፋ ጠቆር ያሉት አንድ ወገን ተከማችተው እንደሆነ ወዲያው ይታያል። አቀያይሩ። ከዚያ ረድፍ በረድፍ ስፉ።

መሀሉ ምን ይግባ? ባዘቶ ካላችሁ ባዘቶ። ካልሆነ ያለቀ ጋቢ፤ ታጥቦ፣ ተዘርግቶ። እኔ ጋቢውን እመርጣለሁ፤ ባዘቶ ሲታጠብ መሰብሰብ ይወዳል፣ ጋቢ ግን በቦታው ይቆያል። ከሥር አቡጀዲ፣ ከላይኛው ጨርቅ በየዙሪያው አራት ጣት ያህል ተርፎ ይዘርጋ። ሦስቱን በመርፌ ቁልፍ ያዙና ከመሀል ጀምራችሁ ወደ ዳር ወጣ ገባ እያላችሁ ስፉ። ካዋንዲ ከዳር ወደ መሀል ይሄዳል ብለናል፤ እዚያ ጨርቁ እየተደረበ የሚሠራው በዚያው ሰዓት ስለሆነ ነው። የእኛ ሦስት ንብርብር አስቀድሞ ስለተዘጋጀ፣ ከመሀል ካልጀመርን ጨርቁ መሀል ላይ ይቆለላል። ባዘቶ ካስገባችሁ በስፌትና በስፌት መካከል ከአራት ጣት በላይ አትራቁ። የተረፈውን አቡጀዲ ወደ ፊት አጥፋችሁ ጠርዙን ዝጉበት።

አሁን ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁን ልንገራችሁ። አንድ ካርቶን፣ 12 በ12። አምስት ጠቆር ያለ፣ አራት ፈካ ያለ ቁራጭ። የአንድ ሴንቲሜትር ስፌት። ሲያልቅ በሜትር ለኩት። 32 ከመጣ ወደ ቀጣዩ እንሂድ። ካልመጣ አትተርትሩት፤ ፕላስተሩን አስተካክላችሁ ሌላ አንድ ስፉ፣ ያንን ለትራስ አስቀምጡት።

በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ማዕዘኑን እንሠራለን። እስከዚያ ከጠቆር ጨርቅ ሁለት፣ ከፈካ ጨርቅ ሁለት ካሬ፣ እያንዳንዱ 19 በ19 ሴንቲሜትር፣ ቆርጣችሁ አስቀምጡ። አንዱን ጠቆር ከአንዱ ፈካ ጋር ፊት ለፊት አጋጥመን፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን አስምረን፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ሰፍተን በመስመሩ ላይ እንቆርጠዋለን። ሲከፈት ከአንድ ጥንድ ሁለት ባለ ሁለት ቀለም ካሬ ይወጣል። እሱን ሳምንት በዝርዝር እናየዋለን። ካውያችሁን አዘጋጁ፣ ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከፍ ይላል)